የእትዬ ፈንታነሽን ቃል እንዴት እንደለወጥኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለቄሳችንም አልነገርኩ፤ ባለቤቴንም ሳልነግረው ዘንድሮ ቀበርኩት። እሱ ሊሰማው ይገባ የነበረውን እናንተ ስሙኝ።

እኛ በሱዳን በኩል እስራኤል መጥተን ቂርያት ጋት ከተማ ከገባን ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ነበርኩ። ኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ሲደርሱ እትዬ ፈንታነሽ እኛ ክፍል ተቀጠሩ። ጎንደር ሳሉ ብዙ ዘመን በነርስነት አገልግለዋል፤ እዚህ ግን ፈተና እስኪያልፉ ድረስ እንደ እኔ ረዳት ሆኑ። ሕመምተኛን ሳያሳምሙ ማገላበጥን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ ደሞዜን ነገርኳቸው። ለምን ነገርኳቸው? ልኩራራ ነው እንጂ ሌላ ለምን! እሳቸውም የራሳቸውን ነገሩኝ። ለካ ለዚያው ሥራ የሚከፈላቸው ከእኔ በጣም ያነሰ ኖሯል።

«ነገ አለቃው ዘንድ ይዘሽኝ ትገቢያለሽ» አሉኝ።

ፈራሁ። አለቃው ደሞዝ ሲጨምርልኝ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቆኝ ነበር። እሳቸው ከጠየቁ ያወራሁት እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው።

በማግስቱ እትዬ ፈንታነሽ እንደ አገራችን ወግ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለቃው ፊት ቆሙ። «በይ ንገሪልኝ፤ እኔ የማጥበው ሽማግሌ አንቺ ከምታጥቢው ይቀላል ወይ? እኩል ይክፈለኝና የሌሊቱን ሥራ ልተው፤ ማታ ማታ ዕብራይስጥ ተምሬ ፈተናዬን ልውሰድ።»

እኔ በዕብራይስጥ ምን አልኩ? «ስለ ሥራው ታመሰግንሃለች፤ የሌሊት ሥራ ጨምርልኝ ትላለች» አልኩ። እኔ አልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

አለቃው ደስ ብሎት ፈገግ አለ። ቀና ብለው ቢያዩት ኖሮ ለክርክር እንዲህ ፈገግ እንደማይባል ይገባቸው ነበር። አላዩትም፤ አለቃን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነዋ። ጨዋነታቸውን የውሸቴ መሸሸጊያ አደረግሁት።

«ይታሰብበታል፣ ትታገሥ ብሏል» አልኳቸው።

ታገሡ። የሌሊቱ ሥራ በዛባቸው፤ ትምህርቱ ቀረ፣ ፈተናውም ቀረ። ያን ያህል ዘመን ነርስ የነበሩት ሴት በረዳትነት ጡረታ ወጡ። መንገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። አብረን አልጋ ስናነጥፍ፣ አብረን እንጀራ ስንቆርስ እችል ነበር። ዝም አልኩ።

ባለቤቴ ሲሞት ለቅሶ መጡ። እጄን ይዘው ለተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ ቋንቋ ሳላውቅ አለቃ ፊት ቆማ ተከራክራልኛለች፤ አልሆነም እንጂ» አሉ። ሰዉ መረቀኝ። እኔም አሜን አልኩ።

መፍራቴ እውነት ነው፤ ግን ፍርሃት ያንን አሜን አላስባለኝም። ሐዘኔንም ሰበብ አላደርገውም። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት እትዬ ፈንታነሽ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ያመሰግኑኛል።