ካልሲው ያልራሰ እንግዳ

በደሴቲቱ «አሻጋሪው» ነው የሚሉት። ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ጀልባዋ መቶ እርምጃ ያህል ርቃ ትቆማለች፤ እሱ እስከ ጭኑ ውሃ ገብቶ ሰውን እያዘለ ያወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማሪ፣ በሽተኛ፣ ምጥ የያዛት ሴት በጀርባው አልፏል።

ለመንግሥት እንግዳማ ልዩ ክብር አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ዳር ቆሞ «ቀስ በል፣ ካልሲያቸው እንዳይነካ» እያለ ያዛል። እንግዳው ደርቆ ይወጣል፣ ደርቆ ይመለሳል፤ ቢሮው ገብቶ «መዳረሻው ምቹ ነው» ብሎ ይጽፋል። ምቹ የሆነው የሰው ጀርባ መሆኑን ማን ይንገረው? አራት መሐንዲስ መጣ፣ አራቱም ይህንኑ ጻፉ፤ ጀልባ የሚጠጋበት የእንጨት ድልድይም አራቴ ከዕቅድ ተሰረዘ። ጨዋነት እንዲህ ሰው ይጎዳል።

ዘንድሮ አሻጋሪውን ጉልበቱ ከዳው። ሴት ልጁ ደግሞ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ሐኪም ቤቱ ከውሃው ማዶ ነው።

«አባዬ፣ እኔንስ ማን ያሻግረኛል?» አለችው አንድ ጠዋት፣ ጉልበቱን እያሸችለት።

አምስተኛው መሐንዲስ የመጣ ዕለት አሻጋሪው እንደ ወትሮው ውሃው ውስጥ ገባ። ጀልባዋ ጋ ሲደርስ ግን ጎንበስ አላለም።

«አባባ፣ ልታዘል?» አለ መሐንዲሱ።

«ጀርባዬ ጡረታ ወጥቷል፣ ልጄ። እጄን ይዘህ ውረድ።»

ሊቀመንበሩ ከዳር ሆኖ፣ «ምን ነካህ ሰውዬ፣ አዋረድከን እኮ» አለ።

«ያንተም ጀርባ ሰፊ ነው፤ ና እዘለው።»

ሊቀመንበሩ ጫማውን አየ።

መሐንዲሱ ወረደ። መሃል ላይ ጭቃው አንድ ጫማውን ዋጠበት። ዳር ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ካልሲውን እየጨመቀ፣ «ምጥ የያዛትም በዚሁ ነው የምትሄደው?» ሲል ጠየቀ።

«እስካሁን በኔ ጀርባ ነበር። ቀጣይዋ ያቻትና፣ ልጄ ናት።»

መሐንዲሱ ልጅቷን አየ። ሜትሩን አወጣና ሱሪው ላይ ውሃው የደረሰበትን ለክቶ ጻፈ። ሲመለስ የሚያዝለው ሰው ቢያቀርቡለት «ተዉት፣ ርቀቱንም ልለካ» ብሎ ባንድ ጫማ እያነከሰ ገባ።

እንጨቱ በወሩ መጣ። ልጅቷን ምጥ ሲይዛት ግን ድልድዩ ገና ግማሽ ነበር። የቀረውን ሃምሳ እርምጃ ባሏና ሊቀመንበሩ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸከሟት። አሻጋሪው ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ «ቀስ በል ሊቀመንበር» አለ፣ «ካልሲዋ እንዳይነካ።»