አዛን የገባበት ካሴት

ድሬዳዋ ውስጥ ጊታርን መጀመሪያ ያስቆጣሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ጊታር የያዘ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ይይዙት ነበር፣ ያባብሉትም ነበር። እንደ ተበደለ ሰው እንዲያጉረመርም ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። የአሮጌ ሬዲዮ ስፒከር ወረቀቱን በምላጭ ተልትዬ ጊታሬን ከእሱ ጋር አገናኘሁት። ውጭ አገርም እንዲህ ያደረጉ እንዳሉ የሰማሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን የሮክ ሸክላ በጆሮዬ እየለቀምኩ ጣቶቼን ራሴ አሠለጠንኳቸው።

በደርግ ጊዜ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ የምጠግንባት፣ ካሴትም የምቀዳባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። በሰፈራችን መስጊድ አዛን የሚያደርጉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ሱቄ መጣች። አባቷ ቤታቸው ውስጥ ወንዶች ልጆችን ቁርአን እያስቀሩ ያስተምሩ ነበር። እሷ ከመጋረጃ ኋላ ሆና እየሰማች ከወንድሞቿ ቀድማ በቃሏ ያዘችው። አስተምሩኝ ብትላቸው «ለሴት ይህ ይበቃታል» ብለው ዝም አሰኟት። እሷም ነገሩን ዘፈን አድርጋው ኖሯል።

«አቦ፣ ጊታርህ ይጮሃል አሉ» አለችኝ።

«ማን እንደነገረሽ ባላውቅም እውነቱን ነው።»

«እንግዲያው እኔ ስጠይቅ ከኋላዬ ይጩህ። የምዘፍነው ለአባባ ነው። ፊት ለፊት አይሰሙኝም፤ በካሴት ይሰሙኝ ይሆናል።»

«ከቤት ቢያስወጡሽስ?»

«ወላሂ ያስወጡኛል። ግን ሰምተው ያስወጡኝ።»

የዘፈኑ መጨረሻ እንዲህ ይል ነበር፦

ለወንድሜ ምንጣፍ፣ ለእኔ መጋረጃ፤
የፈጣሪ ቃል ነው፣ ወይስ የወንድ ፍርጃ?

የቀበሌው ካድሬ ሱቄ መጥቶ ግጥሙን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይሄማ ፀረ አድኃሪ ነው! ኪነት ቡድናችን ውስጥ እናስገባሻለን» አላት። «እኔ ከፈጣሪ ጋር አልተጣላሁም፤ በር ላይ ከቆሙት ጋር ነው» ብላ ወረቀቷን ከእጁ ነጠቀችው። ካድሬን እንዲህ የሚመልስ ሰው በዚያ ዘመን አላየሁም፤ ከራሴ በቀር።

በሰዓት እላፊ ምክንያት ሌሊት መቅዳት አይታሰብም። ድሬ ጸጥ የምትለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫ ሲቀመጥ። ያንን ዝምታ ዛሬም እናፍቀዋለሁ። አንድ ማይክሮፎን ከጣሪያው አንጠለጠልኩ፣ ጓደኛዬ ከበሮው ላይ ተቀመጠ። መስኮት ብንዘጋ በሙቀት እንቀልጥ ስለነበር ከፍተን ጀመርን። ልጅቷ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርስ የአሱር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት አዛን ተሰማ። የአባቷ ድምፅ ነው። ከበሮ መቺው እንጨቱን አነሳ፣ እኔም ክሮቹን በመዳፌ ያዝኩ። የድሬ ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም አዛን ሲባል ሙዚቃ ይዘጋል፤ ማንም ያላዘዘን ልማድ ነው። እሷ ግን አላቆመችም። ያንን ስንኝ ያለ ጊታር፣ በአባቷ ድምፅ ላይ ዘፈነችው። ድገሚው ብላት «አይደገምም» አለች።

ካሴቱ ወጣ። ከመጋላ እስከ ሳቢያን ጊታሬ ሲያጉረመርም ዋለ። ሁለታችንም ቁጣ ጠበቅን፤ ምንም የለም። ግራ ገባኝ። አንድ ከሰዓት ጨርቅ ቤት ቆሜ ሳዳምጥ ምሥጢሩ ተገለጠልኝ። ካሴቱ ውስጥ አዛኑ ሲጀምር ነጋዴው እጁን ዘርግቶ ቴፑን ዘጋው።

«ምነው ዘጋኸው?»

«አዛን ነዋ አቦ! አትሰማም?» አለና ጆሮውን ወደ ውጭ ቀሰረ። «እንዴ! ምን ሆነው አቋረጡት ደግሞ?»

ለካ ከተማው በሙሉ የካሴቱ አዛን የመስጊዱ እየመሰለው እንዲህ ያደርግ ኖሯል። ያንን ስንኝ የሰማ የለም። ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። «አባባም ዘግተውት ይሆናላ» አለች።

አልዘጉትም። እሳቸው አዛን ያደረጉበትንና ያላደረጉበትን ሰዓት ያውቃሉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ያንን ነገር ክፈተው። እስከ መጨረሻው።»

ከፈትኩት። የራሳቸው ድምፅ ሲመጣ አንገታቸውን ደፉ። በድምፃቸው መሐል የልጃቸው ጥያቄ አለ።

«እንደገና» አሉ። ደገምኩት።

«ስማኝ ልጄ፣ የእኔን ድምፅ ከውስጡ አጥፋው። የእሷ ብቻ ይሰማ።»

«አባባ፣ በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ነው፤ አይለያይም።» ያቃተኝን ነገር በአፌ ስናገር ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንግዲያው ሌላ ቅዱ። ሰው በእኔ አዛን እያሳበበ ጥያቄዋን እንዲያልፈው አልፈልግም።»

«ከቤት አያስወጧትም ታዲያ?»

«መልስ ያጣሁላትን ልጅ ወዴት ነው የማስወጣት?»

ከአሱር በኋላ፣ የምሽቱ መግሪብ ሳይደርስ እንደገና ቀዳነው። በሁለተኛው ካሴት ጊታሬ ይበልጣል፤ የሚክድ ካለ ይምጣ። አሁን ከተማው ሰማ። ካሴቱን የሰበረ አለ፣ ሱቄን የረገመ አለ። የእኔው ንስሐ አባት ሳይቀሩ «ይቺ ነገር እኛንም ትነካለች» ብለው ተቆጡኝ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አባቷ ቤት ሄዱ። እኔም ተከትዬ በር ላይ ቆምኩ።

«ልጅህን ዝም አሰኛት እንጂ!» አሏቸው።

«ዝምማ አሰኝቻት ነበር፤ ይኸው ያመጣው» አሉ አዛውንቱ። «የጠየቀችው እኔን ነው። መልሱን እየፈለግኩ ነው፤ ሳገኘው እናንተንም እጠራችኋለሁ።»