ቬንቲሌተሩ ወደ ማሽኑ ሲዞር

ትናንት ሰመራ ቢሮዬ ውስጥ ላፕቶፔ ላይ አዲስ ፕሮግራም ስጭን «አፈጻጸምን በማሻሻል ላይ፣ እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ወጣና ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ፤ ከጎኑ የወጣው የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ። አዋሽ ያደግኩበት ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አባቴ ከባቡር ሐዲዱ ፊት ለፊት የተከራየነውን ቤት የፊት ክፍል ኮምፒውተር ማስተማሪያ አድርጓት ነበር፤ እኛ ከኋላ እንኖራለን። ፕሮግራም የሚጫንበት ቀን የተከበረ እንግዳ የመጣ ያህል ነው፤ መስኮቱ ላይ የረጠበ ጆንያ ይሰቀላል፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ እኔም ድምፄን እንድቀንስ እታዘዛለሁ፤ ጫጫታና ኮምፒውተር ምን እንደሚያገናኛቸው እግዜር ይወቀው። ያለን አንድ ቬንቲሌተር ደግሞ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተነስቶ ወደ ማሽኑ ይዞራል፤ በዚያ ሙቀት ማሽኑ ግሎ መሐል ላይ ከጠፋ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነውና። የምታዞረው እናቴ ራሷ ነበረች። «ምጥ ላይ ነው፣ እሱ ይብሰዋል» ትላለች እየሳቀች።

ስክሪኑ ላይ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያሳየው ባር እየተንፏቀቀ ሲሞላ አባቴ ተማሪዎቹን ዙሪያውን ሰብስቦ ያስረዳል፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እየሰማሁ በቃሌ ይዤዋለሁ። ፕሮግራም ዘው ብሎ ገብቶ አይቀመጥም ይላቸዋል፤ መጀመሪያ የማሽኑን አቅም ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩ ምን ዓይነት ነው፣ ራሙ ስንት ነው፣ ቦታውስ ይበቃል ወይ ብሎ፤ ከዚያ ለዚያው ማሽን በሚስማማው መንገድ ራሱን ያስተካክላል። በኋላ ስትከፍቱት እንዳያስጠብቃችሁ ትእዛዙን ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ይተረጉመዋል፣ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ቅርብ ያደርጋል፣ የማይፈለገውን እስኪጠራ ያስተኛል፣ ሲጨርስም የሥራውን ጉድፍ ጠርጎ ይወጣል። ይህን ሲያስረዳ የነበረውን ትዕግሥት እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ላይ አላየሁም።

እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። አባቴን ብላ አዋሽ ወረደች፤ ሙቀቱ ግን ከገባችበት ቀን ጀምሮ አልተስማማትም። እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሐኪሙም ልቧ ደካማ ስለሆነ ደጋ ብትኖር ይሻላል ብሎ ነበር። ጎረቤታችን አፋሯ ፋጡማ ጠዋት ጠዋት የፍየል ወተት ይዛ ስትመጣ እናቴን አይታ ታዝናለች፤ አንድ ቀን ግን አላስችላት ብሎ አባቴን ማሽኑ ፊት እንደተቀመጠ ያዘችው። «ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ፣ ለብረት ንፋስ ትሰጣለህ፤ ይቺን ሴት ወደ አገሯ ውሰዳት» አለችው።

«ትለምደዋለች፣ ፋጡማ። እኛስ ለምደነው የለም እንዴ?» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከባሩ ሳያነሳ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የያዛቸውን ተማሪዎች አስመርቆ ደጋ ሊወስዳት አስቦ ነበር፤ እነሱ ሲመረቁ ግን ሌሎች ተመዘገቡ፣ ከነሱም በኋላ ሌሎች።

በሰኔ ሙቀት አንድ ቀን እናቴ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። መኪና ተለምኖ ወደ አዳማ ይዘናት ወጣን፤ መተሐራን አልፈን በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር «እሰይ» አለችና ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ተሻላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አዳማ ስንደርስ በሕይወት አልነበረችም።

አባቴ አሁን አርጅቶ ሰመራ ከእኔ ጋር ይኖራል። ትናንት ቤት ገብቼ ስለ ላፕቶፑ ሳጫውተው «አቅሙን ሳልጠይቅ የጫንኩበት ማሽን የለም» አለ። «እናትሽን ግን ሙቀቱን ትችይዋለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።» እኔም ስንት ዓመት ይህንኑ ልለው ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ከራሱ አፍ ስሰማው ግን ምነው ባልሰማሁት አልኩ።

ዕድሜዬ የእናቴን አልፏል። መኝታ ቤቴ ኤሲ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ውጭው እንደ እሳት እየነደደ ጋደም ስል አንዳንዴ ይበርደኛል፣ ተነስቼም ከሣጥን ውስጥ ጋቢ አወጣለሁ። እናቴ ለትዳር ስትወርድ እናቷ ፈትላ የሰጠቻት ጋቢ ነው። አዋሽ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደርባው አታውቅም።