ያደገውን ልጅ ማሳደግ

እንጅባራ ውስጥ ወፍራም ልጅ መሆን አያሳፍርም ነበር፤ የሚያሳፍረው አጭርና ወፍራም መሆን ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ ቁመቴ ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር፣ ቦርጬ ደግሞ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ይስተካከል ነበር። የክፍል ጓደኞቼ "ይሄ በጎን ነው የሚያድገው" እያሉ ይስቁብኛል። ጎረቤቶች ግን እናቴን "ታድለሽ፣ ጠግቦ ያደረ ልጅ ያስታውቃል" ይሏታል። እሷ አትስቅም። አባቴም እንደኔ ወፍራም ነበር፤ አንድ ቀን ፈረሱን ሲጭን ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፣ በዚያው አልተነሣም።

እናቴ ባህር ዳር ወስዳ አስመረመረችኝ። ሐኪሙ ያስረዳንን ዛሬም በቅጡ ገብቶኛል አልልም። አንጎሌ ውስጥ ያለች ትንሽ እጢ የእድገት ሆርሞን አታመነጭም፤ ስለዚህ ቁመት አልጨምርም፣ ስቡም ሆዴ ውስጥ ይከማቻል፤ በዚሁ ከቀጠለ ልቤን ይጎዳዋል። መድኃኒቱ የእድገት ሆርሞን መርፌ ነው።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን ያህል ያደገውን ልጅ ደግሞ ሊያሳድጉት ነው?" አለች እናቴ።

"ወፈረ እንጂ አላደገም፣ እናቴ።"

ስንመለስ ሚኒባሱ ዳንግላ ላይ ሲቆም "መርፌው ለቁመት ከሆነ ልቡስ?" ብላ ጠየቀች። ማንን እንደጠየቀች አላውቅም።

ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት አረብ አገር ያለችው አክስቴ በሰው ላከችልን። ሙቀትና መናጥ አይወድም ተባልን። በየቀኑ አመሻሽ ላይ የሚወጉኝ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ ቤታቸው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። እኔ በባጃጅ እንሂድ አልኩ። እናቴ የኮረኮንቹን መንገድ አስባ ጮኸች።

"እንዴ! ቅል ውስጥ እንዳለ እርጎ ሊናጥ? ቅቤ አውጥተን ልንወጋህ ነው?"

ስለዚህ በእግራችን ሆነ። እሷ መድኃኒቱን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ፣ የሚያማትን ጉልበቷን እየጎተተች ከፊት፤ እኔ እያለከለክሁና እየተነጫነጭሁ ከኋላ።

መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ የሚያድረው ከጎናችን ባለው ሱቅ የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ኅዳር ሲገባ መብራት መጥፋት አበዛ። እናቴ ፍሪጁን ተወችና መድኃኒቱን ጣሪያ ላይ ታሳድረው ጀመር። ጠዋት ውርጩ ጠርሙሱን ነጭ አድርጎት ስታገኘው ደስታዋ ሌላ ነው።

"የእንጅባራ ሰው ፍሪጅ ምን ያደርግለታል!" ትላለች።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ስንመለስ ይህንኑ በኩራት ነገረችው። የሰውየው ፊት ተለወጠ።

"እናቴ፣ በረዶ ከሠራ በኋላማ ተበላሽቷል። ውሃ ስታስወጉት ነው የከረማችሁት።"

እናቴ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉተመተመችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ማየት ቀጠለ፤ ከዚያ እንደገና አየው። ቁመቴ ፈቀቅ አላለም። ቦርጬ ግን ቀንሷል፣ የደም ግፊቴ ወርዷል፣ ደሜ ውስጥ ያለው ስብም እንደዚያው።

"ምን አድርጋችሁ ነው?" ብሎ እኛን ጠየቀን። እኛ እሱን ልንጠይቅ ነበር የሄድነው።

"ኧረ ምንም፣ ዶክተር። ማታ ማታ በእግራችን ከመመላለስ በቀር።"

"እሱ ሊሆን ይችላል" አለ። "መርፌው ግን አሁንም ያስፈልገዋል፤ ሌላ ፈልጉ።"

አክስቴ አገር ቤት ተመልሳ ነበርና ሌላ የሚልክልን አልነበረም። እኔ ግራ ገባኝ። በከንቱ ለተወጋሁት ሁሉ ተናደድኩ፤ ልቤ በመሻሉ ደግሞ ደስ አለኝ፤ መድኃኒት ሳይኖር የዳነ ሰው ታሞ ነበር ወይስ አልታመመም ብዬ አሰብኩ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እናቴ ባዶውን ጠርሙስ በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ፣ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

"ተነሥ።"

"እማ፣ ባዶ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ያዝሽው?"

"ሰው ወዴት ነው ቢለኝ ምን እላለሁ? በል ተነሥ። አባትህን ተነሥ ያለው አልነበረም።"

ጫማዬን አደረግሁ።