ደንግጦ የሚወድቅ ዘር

ሰው ማስደንገጥ እወዳለሁ። ምን ላድርግ፣ ከልጅነቴ ነው። እናቴ እንስራ አዝላ ከወንዝ ስትመጣ ከቁጥቋጦ ዘልዬ እወጣና "ባ!" እላታለሁ። እንስራው ይሰበራል፣ እኔ እገረፋለሁ፣ በማግስቱ ሌላ ቁጥቋጦ እፈልጋለሁ። አርጅቼም አልተውኩት። እዚህ እስራኤል አገር፣ ጊሎ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ከበር ኋላ ለመደበቅ የሚመቸውን ቦታ ሁሉ ለክቼ ነው የማውቀው።

የልጅ ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሴት ልጄ የተወለደች፣ እኔው እጅ ላይ ያደገች። ሯጭ ናት። እኛ ለስግድ በዓላችን ወጥተን የምንጸልይበትን የአርሞን ሃናጺቭን የኮረብታ መንገድ እሷ በቁምጣ ትበርበታለች። ጻቫ፣ ወታደር ቤት ማለቴ ነው፣ ልትገባ ወር ያህል ቀርቷት ነበር። ያውም ከተዋጊዎቹ ጋር ካልሆንኩ ብላ።

አንድ ጠዋት ጥርሷን እየቦረሸች ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ጠበቅኋትና "ባ!" አልኳት።

ወደቀች። እንደ ጆንያ ዝርግፍ። እኔማ ሳቅሁ። እሷም እንደኔ ተንኮለኛ ናት፣ የምታስመስል መሰለኝ። "ተነሽ አንቺ አስመሳይ!" ብዬ በእግሬ ጣት ጎኗን ነካሁት። አልተነቃነቀችም። ጎንበስ ብዬ ባያት ዓይኗ ነጩ ብቻ ቀርቷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ስሟን ጠራሁ፣ ፊቷን በጥፊ መታሁ፣ ፈጣሪዬን ጠራሁ። ስንት ጊዜ እንደቆየች አላውቅም፣ ለኔ አንድ ክረምት ነው የመሰለኝ። ከዚያ ትንፋሽ ስባ ዓይኗን ገለጠች።

"ሳቭታ፣" አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ "ለምን መሬት ላይ ነኝ?"

ያስደነገጥኳትን አታስታውስም። አፌ ቀደመኝና "ቁርስ ስላልበላሽ ነው" አልኳት።

እናቷ ግን አልተወችውም፣ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ልቧን አዩ። ከልቧ ምት አንዲት ነገር ረዘም ብላለች፣ ግን ድንበሩ ላይ ናት፣ ደህናም ልትሆን ትችላለች አሉ። ቁርጡን ለማወቅ ሃነቪኢም መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት የዘር ሐኪም ላኳት። "የቤተሰቡን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይምጣ" ተባለና እኔ አብሬያት ሄድኩ።

ሐኪሟ ለጋ ልጅ ናት። ነጭ ወረቀት ዘርግታ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ ትሥላለች፣ የሞተውን በሰያፍ ትሰርዛለች። ፊደል ባልቆጥርም ይሄ ገባኝ። አጠገቧ አስተርጓሚ አለች፣ የኛው ሰው፣ የጎንደር። ገና ሳልቀመጥ ጉልበቴን ስማ "እማማ፣ እርስዎ ከየት አገር ነዎት? የማን ልጅ?" አለችኝ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በላዩ የልጇ ፎቶ በርቷል። የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ቁመቱ የባሕር ዛፍ። እሱን አየሁ፣ የልጅ ልጄን አየሁ።

እዚህ ላይ የኛን አገር ወግ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባቴ የታወቀ ቆጣሪ ነበር። መቁጠር ማለት ደግሞ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ብቻ አይደለም። ቆጣሪ ያሸታል። በዚያ ቤት ቁምጥና አለ ወይ? የሚጥለው ሰው አለ ወይ? አባቴ ወይፈን ሊገዛ ገበያ ሲወርድ ወይፈኑን ትቶ "እናቱ የታለች?" ነው የሚለው። "ዘር ከልጓም ይስባል" ይላል። ስለዚህ የኛ ቤት ሲቆጠር ደህና ደህናውን ትዘረጋለህ፣ መጥፎውን በእጅህ ሸፈን ታደርጋለህ። አንድ ቃል ካመለጠችህ የቤቱ ሴቶች ልጆች ሁሉ ቆመው ይቀራሉ። እኔ በዚህ ነው ያደግሁት። ሐበሻ ፊት የተነገረ ወሬ ደግሞ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ጊሎ ይገባል።

"ወንድም ነበረዎት?" አለች ሐኪሟ በአስተርጓሚዋ አፍ።

"ታላቅ ወንድም ነበረኝ። በወባ ሞተ።"

በወባ አልሞተም።

"የአባትዎ እህትስ?"

"በወሊድ።"

በወሊድ አይደለም። ወንዝ ውስጥ ስትዋኝ ነው የሞተችው፣ ውኃው እስከ ደረቷ ባልደረሰበት ቦታ።

"የአጎትዎ ልጅ?"

"ጦር ሜዳ።"

እሱ አውድማ ላይ ነው የወደቀው፣ መብረቅ ሲጮህ፣ እጁ በሬው ጀርባ ላይ እንዳለ። የአንድ ዓመት ሴት ልጅ ትቶ ነው የሞተው።

ለያንዳንዱ የሚያምር አሟሟት ፈለግሁለት። ሐኪሟ ትጽፋለች። አስተርጓሚዋ "ወይ ጤነኛ ዘር!" ስትል እኔ ተኮፈስኩ። ልጅቷ ስትወድቅ ምን ሆና ነበር ሲሉኝም "ቁርስ አልበላች" አልኩ። በአንድ አቀማመጥ ሁለተኛ ውሸት መሆኑ ነው፣ የሙታኑን እንደ አንድ ከቆጠራችሁት።

ሐኪሟ ወረቀቷን አየችና "በቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ከሌለ ለጻቫ ደህና ናት ብዬ እፈርማለሁ። ሐሙስ መጥታችሁ ወረቀቱን ውሰዱ" አለች። የልጅ ልጄ ከመሬት አንስታ አሽከረከረችኝ። እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ ግን ከዚያ ወረቀት ላይ አልተነሳም።

ምክንያቱም እዚያ ቁጭ ብዬ ስዋሽ አንድ ነገር አይቻለሁ። እነዚያን ሙታን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። አንዱን ቡዳ በላው ተባለ፣ አንዷን የወንዝ ጋኔን ወሰዳት ተባለ፣ አንዱን መብረቅ። ሁሉም የየራሱ ሞት ነበረው። ለሁሉም ሌላ አሟሟት ልፈልግ ስል ነው እውነተኛውን ጎን ለጎን የደረደርኩት። ተመሳሰሉብኝ። መጨረሻው ላይ የልጅ ልጄ ከነጥርስ ብሩሿ ተኝታለች።

ያኔ ሰኞ ነበር። እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን። የበሩን ደወል ባትሪ አወጣሁ። የድስት ክዳን ሁሉ ከሥሩ ጨርቅ አነጠፍሁለት። ጠዋት ስልኳ ሊጮህ ሲል ቀድሜ ገብቼ የእግሯን ጣት በቀስታ አሻለሁ።

"ሳቭታ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሌባ የምትሄጂው?"

"ጫማዬ ጠቦኝ ነው።"

"ባዶ እግርሽን እኮ ነሽ!"

ፎቅ ላይ ያሉትን የጎረቤት ልጆች ኳስ እንዳያነጥሩ ከረሜላ ሰጠኋቸው። ሲያልቅባቸው ይበልጥ ማንጠር ጀመሩ። ግን የሰማዩንስ? አዛካው፣ ያ የአደጋ ጩኸት፣ ቢነሳ በምን ጥጥ ልድፈነው? ጻቫ ገብታስ ቀኑን ሙሉ ጠመንጃ ጆሮዋ ሥር ሲጮህ? ለመናገር ደግሞ አፌን ስከፍት ያ ባሕር ዛፍ የሚያህል ልጅ ይመጣብኛል፣ እናቱ "የሚጥላቸው ናቸው" ስትል ይሰማኛል።

ረቡዕ እዚሁ ከተማ ኢትዮጵያ ወደሚባለው መንገድ ሄድኩ። ድሮ እዚያ አንድ ሕንፃ ደረጃ እጠርግ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አንዲት እማሆይ አሉ፣ የአገሬ ልጅ፣ ከኛ መንደር ማዶ። አገር ቤት እሳቸው ክርስቲያን እኔ ቤተ እስራኤል፣ እጃችን አይነካካም ነበር። እዚህ አንድ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ረቡዕ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ፊታቸው ሱፍ እቆረጥማለሁ።

"አንቺ ሰይጣን" አሉኝ እየሳቁ።

"እርስዎ ይጹሙ እንጂ፣ እኔ ምን አደረግሁ?"

ጭንቀቴን በወሬ ልሸፍን ብዬ ዘሬን እንዴት አጥቤ አስጥቼ ለሐኪሟ እንዳቀረብሁ አወራኋቸው፣ እንደ ጀብዱ። ወንድሜ ዘንድ ስደርስ መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ።

"በወባ?" አሉ። "ወንድምሽ በኛ ሰርግ አይደለም እንዴ የወደቀው?"

ሌላ ሱፍ ቆረጠምሁ።

"የእኅቴ ሰርግ ነው። ማረሻ ሠርቶ ሊያስረክብ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። አባቴ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ወንድምሽ ወደቀ። አገላብጠን ደም ፈለግን፣ ጠብታ የለም። አባቴ ጠመንጃውን በሳምንቱ ሸጠው። እስኪሞት ድረስ 'ያችን ጥይት ባልተኮስኳት' እንዳለ ነው የሞተ።"

"አባትዎ አልገደሉትም፣ እማሆይ።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"እኔም ያለ ጠመንጃ ጥያለሁ" አልኩና የበሩን ነገር፣ "ባ!" ያልኳትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ወረቀቱ መቼ ነው የሚፈረመው?" ብቻ አሉ።

"ነገ።"

"ሐኪሟ የት ናት?"

"እዚሁ፣ መንገዱ ሲያልቅ፣ ሃነቪኢም።"

"ታዲያ ፊቴ ምን ትቆረጥሚያለሽ? ተነሽ!" በዘንጋቸው ገፉኝ። አገፋፋቸው እንኳ አላሳቀኝም።

ያችን መንገድ ያን ያህል ቀን ወጥቼ ወርጃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ረዝማብኝ አታውቅም። በር ላይ ያለው ልጅ "ቶር አለሽ?" አለኝ፣ ቀጠሮ ማለቱ ነው። የለኝም። ሊመልሰኝ ሲል አስተርጓሚዋ በኮሪደሩ መጣች። ከሰው ሁሉ የፈራኋት እሷው።

"ልጄ፣ ያን ዕለት የቆጠርኩልሽ ዘር ውሸት ነው" አልኳት።

"የትኛው እማማ?"

"የሞተው በሙሉ።"

አፏን ያዘች። "ለምን እንዲህ አደረጉ?"

"የልጅሽን ፎቶ አይቼ።"

ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው። "እማማ፣ እዚህ የሰማሁት ከዚህ በር አይወጣም። ባወጣ ከሥራ ያባርሩኛል።"

"ሳያባርሩሽም አታውጪ።"

ሐኪሟ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ወንድሜ፣ ጥይት። አክስቴ፣ ወንዝ። የአጎቴ ልጅ፣ መብረቅ። እየነገርኳት ምልክቶቹን በእስክሪብቶ ታጠቁራቸዋለች። ልጅቷስ ስትለኝ እንዴት እንደሆነ አሳየኋት፣ "ባ!" አልኩ። አስተርጓሚዋ ከወንበሯ ዘለለች። ሐኪሟ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "አሁን የት ናት?" አለች።

ሰዓቱን አየሁ። "እየሮጠች ነው።"

ስልኳን ስታነሳ እጇን ያዝኩት። "ተይ! ሲጮህ ቢያስደነግጣትስ?"

"ሩጫው ይብሳል" አለች በአስተርጓሚዋ አፍ።

ደወለች። አልተነሳም። እንደገና ደወለች። አልተነሳም። እኔ ወለሉን ነው የማየው። በሦስተኛው የልጅ ልጄ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማሁና ስልኩን ተቀብዬ ስሟን ጠራሁ።

"ሳቭታ? ሃኮል ቤሴዴር?" ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው።

"ደህና ነው፣ የኔ እናት። ቁሚ። ቀስ ብለሽ ቁጭ በይ።"

"ለምን?"

"ቁጭ ስትዪ እነግርሻለሁ።"

ቁጭ አለች። ነገርኳት።

የሦስታችንንም ደም ወሰዱ፣ የኔን፣ የልጄን፣ የእሷን። ልጅቷ ውጤቱ እስኪመጣ እንክብል ጀመረች፣ ሩጫ ቀረ። ከሳምንታት በኋላ ያ ልብን በድንጋጤ የሚያቆም የዘር በሽታ በሦስታችንም ደም ውስጥ ተገኘ። ከኔ ነው ለልጄ፣ ከልጄ ነው ለእሷ። ለኔ ደግሞ ከአባቴ። የሰውን ዘር ሲያሸት የኖረው ቆጣሪ ራሱ ተሸክሞት ነበር። ሐኪሟ እንዳለችው አንዳንዱ ተሸክሞት ሳይጥለው ያረጃል፣ አንዳንዱን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ይጥለዋል። ከተሸከመ ሰው ለሚወለድ ለያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ እኩል ለእኩል ነው፣ ይወርሳል ወይ አይወርስም።

ተዋጊነቱ ቀረባት። አንድ ሳምንት ሙሉ በዕብራይስጥ ብቻ አናገረችኝ፣ ያውም ቶሎ ቶሎ፣ እንዳይገባኝ። "በበሽታው አይደለም የተናደድኩት፣" አለችኝ በመጨረሻ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "ዋሽተሽኛል። ወድቄ አይተሽኝ ዋሽተሽኛል።" ከጎኗ ቁጭ አልኩ፣ አልገፋችኝም።

ከዚያ የሐኪሟን ወረቀት ቅጂ አምጥታ ዘረጋችው። ጣቷን አንዱ ጥቁር አራት ማዕዘን ላይ አደረገች። "ይሄ መብረቁ ነው። ልጅ አለው?"

"አንዲት ሴት። እዚሁ አገር ናት። እሷም ልጅ አላት፣ የምትዳር። ሰርጓ ደርሷል።"

"ያውቃሉ?"

"አባቷ ጦር ሜዳ እንደሞተ ነው የምታውቀው። እኔ ነኝ የነገርኳት፣ ከሕፃንነቷ።"

"ደውዪ።"

"ልጄ፣ የሙሽራው ወገን ከሰማ..."

"ደውዪ፣ ሳቭታ።"

ቁጥሩን እሷ መታችልኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የአጎቴ ልጅ ልጅ አነሳች።

"ማን ሞተ?" አለች ገና ድምፄን ስትሰማ።

"ማንም አልሞተም። ቁጭ ብለሻል?"

"ምነው? አስደነገጡኝ እኮ!"

"አትደንግጪ፣ የኔ ልጅ። ወንበር ሳቢና ቁጭ በይ፣ እጠብቃለሁ።" ወንበሩ ሲጎተት ሰማሁ። የልጅ ልጄ እጄን ያዘችው። "አባትሽ" አልኩ፣ "ጦር ሜዳ አልሞተም።"