እማማና ሁለቱ ዳይሶች

ወረታ የደረሰኝ በዕጣ ነው። በሂሳብ መምህርነት ተወዳድረን ያለፍነውን አንድ አዳራሽ ሰብስበው ከካርቶን ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት አስነሱን፤ የኔን ስፈታት «ፎገራ» ትላለች፤ ወረታ የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ፎገራን የማውቃት በከብቶቿና በሩዟ ስም ብቻ ነበር። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ከልብሶቼ መሃል ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለባቸው ሁለት ዳይሶች ሸጎጥሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር የምጫወትባቸው ነበሩ። ጨዋታው አንድ ሰው ታሪክ ይመራል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ሆነው ይጓዛሉ። አንዱ «አጥሩን እዘላለሁ» ሲል ይሳካለት እንደሆነ የሚወስኑት ዳይሶቹ ናቸው። የሁለቱ ድምር ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ተሳካለት፤ ካነሰ አልተሳካለትም።

ወረታ ለዚህ የሚሆን ሰው አገኛለሁ ብዬ አልገመትሁም። ግን በዓመቱ አንድ የፊዚክስ መምህርና አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ተገኙ፤ ሁለቱም እንደኔ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

የቤቱ ባለቤት ስድሳን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ያረሱትም ልጆች ያሳደጉትም ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል ሲሆን ከተማ ከገቡ ብዙ አልቆዩም። ዳይሶቹ ጠረጴዛው ላይ ሲንኳኩ ሰምተው ወጡ።

«ቤቴ ውስጥ ቁማር አይገባም» አሉ፣ በሩ ላይ ቆመው።

«ገንዘብ የለበትም፣ እማማ» አልሁ።

«ታዲያ ምን ብላችሁ ነው የምትጥሉት?»

«የኔ ሰውዬ ወንዙን ይሻገር እንደሆነ ልናይ ነው» አለ የፊዚክስ መምህሩ።

«የትኛውን ወንዝ?»

በክረምት ስለሞላው ወንዝ የፈጠርሁትን ነገርኋቸው። ትንሽ ሰሙና ወደ መምህሩ ዞረው ተቆጡ። «እንዲህ ተብሎ ወንዝ አይገባም! መጀመሪያ ውሃው ምን እንደሚያመጣ ታያለህ። ግንድ እያንከባለለ ከሆነ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።»

ነርሷ ወንበር ሳበችላቸው።

በሚቀጥለው እሑድ የራሳቸው ሰው ነበረቻቸው፤ አርባ ከብት እየነዳች ጎርፍ የዋጠውን ሜዳ የምታቋርጥ ሴት። ሲናገሩላት ሁላችንም ዝም ብለን እንሰማቸው ነበር። የትኛው ላም እንደምትቀድም፣ ጭቃው የት እንደሚይዝ፣ ጥጃ ሲደነግጥ እንዴት እንደሚጠራ ያውቃሉ። ዳይሶቹን ሲጥሉ ግን ሦስት። ደግመው አራት። ከዚያ ሁለት። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ዳይሶቹን ወደ ነርሷ ገፉላት።

«አንቺ ጣይልኝ፤ የኔ እጅ አይሆንም። ዱሮም ዕድሌ ይኸው ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዛቸውን ደለል አልብሶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ መሬቱን ለወንድማቸው ልጅ የእኩል ሰጥተው፣ «በቃኝ» ብለው ነው ከተማ የገቡት።

አሳዘኑኝ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀሁ። «ታሪኩን የምመራው እኔ ስለሆንሁ ዳይሶቹን ሁሉ እኔ ልጣል» አልሁና ደብተር አቁሜ ከጀርባው መጣል ጀመርሁ። ለእማማ አምስት ሲወጣ ዘጠኝ እላለሁ፤ አራት ሲወጣ ስምንት። ሁለት እሑድ እንዲህ አለፈ። ከብቶቹ ጥልቁን ውሃ ተሻገሩ። እማማ በሳምንቱ መሃል ልብስ ሳሰጣ ጠርተው «ያቺን ቦቃ ላም ማስቀደሜ ነው የጠቀመኝ አይደል?» ይሉኝ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ የሽምብራ ቆሎ ሊያቀርቡልን ከቤት ሲወጡ ከጀርባዬ መጡ። እኔ አላየኋቸውም።

«ዘጠኝ!» አልሁ።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሦስት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድና ሁለት። አይኔ ገና አልፈዘዘም።»

እማማ ወደ ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉ።

አራት ቀን ሙሉ ለሰላምታዬ ከሚመልሱት «እግዚአብሔር ይመስገን» በቀር አላናገሩኝም። ሐሙስ ዕለት ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«አሳዘንሁሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ በራሴ ብልሃት ያሻገርሁ መስሎኝ ልቤ ሞልቶ ነበር። ለካ አንቺ ነሽ ያሻገርሽው። ከብቶቼን መልሺልኝ። ውሃው ዳር መልሰሽ አቁሚልኝ።»

«በግልጽ ከጣልን ሊጠፉ ይችላሉ እኮ።»

«ይጥፉ። የኔ ይሁን እንጂ።»

ያን ቀን ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ለሳቸው አስተማርሁ። ወረቀት ላይ ሠላሳ ስድስት ሳጥን ሠርቼ ሁለት ዳይሶች የሚወድቁበትን መንገድ ሁሉ ሞላሁት። ስምንትና ከዚያ በላይ የሚወጣው በዐሥራ አምስቱ ብቻ ነው። ቀድሞ ለተዘጋጀ ሰው ግን ስድስት ይበቃዋል፤ የጨዋታው ሕግ ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ በሃያ ስድስቱ ይወጣል። እማማ ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት፤ ሳጥኖቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው።

«እንግዲያ እጄ ክፉ ሆኖ አይደለም?»

«አይደለም። ዳይስ ማን እንደጣለው አያውቅም።»

እሑድ ሲደርስ ተዘጋጅተው መጡ። ከብቶቹን በሦስት ከፈሉ፤ ጥጆቹን ከእናቶቻቸው ጎን አሰሩ፤ ውሃው እስኪጎድል አንድ ቀን ጠበቁ። ስድስት ይበቃቸዋል። ዳይሶቹን ለየመንጋው በገዛ እጃቸው ጣሉ። ሁለቱ መንጋዎች ተሻገሩ፤ ለሦስተኛው ደግመው ጣሉ።

ሁለትና ሦስት። አምስት።

ነርሷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔም ደብተሩን አስታወስሁት፤ ግን አልነካሁትም። «የመጨረሻውን መንጋ ውሃው ወሰደው» አልሁ።

«ስንት ነበሩ?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ሃያ ስምንቱስ?»

«ማዶ ናቸው። ሣር እየጋጡ ነው።»

እማማ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ከፍዬ ባላሻግራቸው ኖሮ አርባውም ሄደው ነበር። በሉ እንቀጥል፣ ይመሻል።»

በዚያው ክረምት መግቢያ ቁሐር ሚካኤል ሄደው ሦስት ቀን ቆዩ። ከወንድማቸው ልጅ ጋር ተነጋግረው የሩዙን ችግኝ ከፍ ያለው መሬት ላይ አፈሉ፤ ውሃ ቢወስደው መልሰው የሚተክሉት እንዲኖራቸው ትርፍም ጨመሩ። ውሃው መጣ። የታችኛውን ጫፍ ወሰደው፤ እነሱም መልሰው ተከሉት። ኅዳር ላይ አጨዳው ሲጀመር እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ማጭድ አያያዝ ስለማላውቅ ነዶ ተሸከምሁ። እማማ ከአጫጆቹ ፊት ፊት እየሄዱ ስለ ታችኛው ማሳ ሲያወሩ ድምፃቸው እስከ ዳገቱ ይሰማ ነበር።

ዘንድሮ ታሪኩን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ጎረቤቶቻቸውንም አስገብተዋል። ባለፈው እሑድ በጨዋታው የኔ ሴት ከወንዛዬ ፍል ውሃ ስትመለስ ጅብ አጋጠማትና ዛፍ ላይ እወጣለሁ አልሁ። አራት ወጣብኝ።

«ቅርንጫፉ ተሰበረ» አሉ እማማ፣ ያለ ርኅራኄ።

«ኧረ እማማ፣ ትንሽ እንኳ ይዘንልኝ!»

«ምኑ ነው የሚያዝን፣ ቅርንጫፉ ነው ወይስ ጅቡ? ተነሺ! እግርሽ ደህና ነው። አሁን ምን ታደርጊያለሽ?»