ሳህሌ ያልገዛው ግቢ

ሳህሌ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ መኪና መንዳት አስተምሯል። ከሲያትል በስተደቡብ፣ ከቱክዊላ እስከ ፌደራል ዌይ ድረስ፣ «እኔም የሳህሌ ተማሪ ነኝ» የሚል ሰው የማይገኝበት ሰርግም ለቅሶም የለም።

የማስተማሪያ ዘዴው ወሬ ነው። ሰው መሪ ሲይዝ እጁ የሚደርቀው ስለ መኪናው ስለሚያስብ ነው ባይ ነው፤ ስለ ሌላ ነገር ካሰበ እጁ በራሱ ይፍታታል። ስለዚህ ተማሪው ቀበቶውን ካሰረበት ደቂቃ ጀምሮ ያወራል፤ ማን ሊያገባ እንደሆነ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ እንደቀየረ፣ ቤልቪው ውስጥ የቤት ኪራይ ስንት እንደገባ። ዘዴው ሠርቶለታል። ጉዳቱ፣ ሳህሌ ምስጢር መያዝ አለመቻሉ ነው። ለሚስቱ ለአርባኛ ዓመት ልደቷ በድብቅ የተደገሰውን ድግስ ያበላሸው ራሱ ነበር፤ ከቤት ሲወጣ «የት ነው?» ብትለው «ኬክሽን ላመጣ» አላት።

የሚያስተምረው በጋሽ ገብረጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ግሮሰሪያቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ከሱቁ ፊት ያለውን ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ግን ለሳህሌ አከራይተውታል። ነጩን መስመር በእጁ የቀባው እሱ ነው። ከሌላው ማቆሚያ ሁሉ ጥበቃ አባሮታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ግቢውን ለመግዛት ሲያጠራቅም ኖሯል፤ ሽማግሌውም በምስክር ፊት እጁን ጨብጠው «ከሸጥኩ ለአንተ ነው» ብለውታል። ዘንድሮ ሊሸጡ ቆረጡ። ፊርማው ለቅዳሜ ተቀጠረ።

ሐሙስ ዕለት ሳህሌ ሚስቱን ከስብሰባ ሊያመጣ ሄደ። እስከዳር ነርስ ናት። ባለፈው ምርጫ በስልሳ አንድ ድምፅ ብልጫ የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆናለች። መኪናው ውስጥ እንደገባች ስልኳ ጮኸ፤ እንደልማዱም ራሱን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘ። የአንዲት የምክር ቤት ባልደረባዋ ድምፅ መኪናውን ሞላው። የድሮው ግሮሰሪ ባለበት ጎዳና ላይ እስከ ስድስት ፎቅ እንዲሠራ የሚፈቅደው ረቂቅ ተዘጋጅቷል፤ ለሕዝብ የሚገለጸው ረቡዕ ነው፤ እስከዚያ ምስጢር ነው። እስከዳር ስልኩን ለመዝጋት ስትታገል ሴትየዋ ንግግሯን ጨርሳ ነበር።

«አልሰማሁም» አለ ሳህሌ።

«ሰምተሃል።»

«እየነዳሁ ነበር እኮ።»

«ሳህሌ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመናል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላቸው ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

«ሶ፣ የቅዳሜው ፊርማስ?»

«አትፈርምም።»

«እስኩ፣ ስምንት ዓመት! አንቺ ሳትመረጪ የተነጋገርነው ነገር ነው።»

«ያኔ ገዝተኸው ቢሆን የማንም ጥያቄ አልነበረም። አሁን ግን የመሬቱ ዋጋ እንደሚንር አንተ ታውቃለህ፣ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ አያውቁም። ባለሥልጣኖቹ ዜናው ሳይወጣ አክሲዮን ገዙ ሲባል ቴሌቪዥኑ ላይ ስትጮህ የነበርከው አንተ አይደለህም?»

«እነሱ እኮ ሚሊየነሮች ናቸው!»

«እኛ በትንሹ እንጀምረው ነው የምትለኝ?»

ሳህሌ ወደ ሰፈራቸው ታጠፈ። እሷም ባሏ መስማቱን በነጋታው ለከተማው ጠበቃ እንደምታሳውቅ ነገረችው።

«ታዲያ ሽማግሌውን ምን ልበላቸው?»

«ምንም። ረቡዕ ጠዋት ማስታወቂያው እስኪወጣ።»

«ስድስት ቀን?» አለ ሳህሌ። «ከተወለድኩ ስድስት ሰዓት ዝም ብዬ አላውቅም።»

ዓርብ ወደ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ሄዶ መግዛቱን እንደተወው ነገራቸው። ሽማግሌው ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ገንዘብ ጎደለህ?»

«አልጎደለኝም።»

«ቤቱ እንከን አለው?»

«የለውም።»

«ታመምክ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቃልህን በላህ» አሉትና ፊታቸውን አዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዋ ወይዘሮ ዙሀራ ነበሩ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እዚያው ጎዳና ላይ የልብስ ሱቅ አላቸው፤ ሲነዱ ከመንገዱ ይልቅ አስተማሪያቸውን ያያሉ።

«ምነው፣ ዛሬ አፍህን ቆለፍከው?» አሉት።

«ሥራ ላይ ነን፣ እትዬ ዙሀራ።»

«ግቢውን አልገዛም አልክ አሉ። እኔ አሰብኩበት። የምክር ቤት አባሏ ባል ካልገዛው አንድ ነገር አለ። ሰፈሩን ሊያፈርሱት ነው፣ አይደል?»

ሳህሌ አይደለም ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። «አይደለም» ማለትም መናገር ነው።

«አየህ፣ ዝም አልክ! ወላሂ ሊያፈርሱት ነው!»

«መንገዱን ይመልከቱ።»

«መንገዱንም ያፈርሱታል?»

እሑድ ከቀትር በፊት ወሬው ሦስት ቤተ ክርስቲያንና አንድ መስጊድ አዳረሰ። ከቀትር በኋላ ሽማግሌ ወደ ሳህሌ ቤት መጣ። ዋናው አቶ መልከጸዴቅ ነበሩ፤ የቃል ኪዳኑ ምስክር እሳቸው ነበሩና። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ዙሀራ። ሽማግሌ እንዲሆኑ ማንም አልመረጣቸውም፤ ግን ማን ይመልሳቸዋል? ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ኮታቸውን እንደለበሱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እስከዳር ዳቦና ሻይ አቅርባ፣ «እኔ እዚህ ባልገኝ ይሻላል» ብላ ወጣች። ይህም ወሬውን አጠናከረው።

«ቃል ነበረ?» አሉ አቶ መልከጸዴቅ።

«ነበረ።»

«አፈረስከው?»

«አፈረስኩት።»

«ምክንያት?»

ሳህሌ ጣሪያውን አየ።

«በቃ» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። «አንድ ደላላ መጥቶልኛል። የሚሰጠኝ ያንተን ግማሽ ነው፤ ቢሆንም ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ልገላገል። ረቡዕ ከምሳ በፊት እፈርማለሁ።»

ይህን ሲሰማ ሳህሌ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ግዢውን ትቶ ዝም ያለው የሽማግሌውን ሀብት በርካሽ ላለመውሰድ ነበር፤ አሁን ያው ዝምታ ሀብቱን በግማሽ ዋጋ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ ሊሰጥባቸው ነው። ቃላቱ ጥርሱ ድረስ መጡ። አጠገቡ ያገኘውን ትልቅ ዳቦ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተውና እንግዶቹ ጫማቸውን አጥልቀው እስኪወጡ ድረስ አላመጠ።

«በዚህ ሰዓት ይበላል!» አሉ አቶ መልከጸዴቅ በሩ ላይ።

ረቡዕ ጠዋት ሳህሌ የወይዘሮ ዙሀራን ትምህርት ወደ ሁለት ሰዓት አምጥቶ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ መኪናዋን አስቆማቸው። የከተማው ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ እዚያ ነው። አንዲት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ ወጣች፤ በአራት መርፌ ሰሌዳው ላይ ሰካችው። አራተኛው መርፌ እስኪገባ ሳህሌ እስትንፋሱን ያዘ።

«እትዬ ዙሀራ፣ ይውረዱና ይቺን ያንብቡልኝ።»

«ይሄ ፈተናው ላይ አለ?»

«አለ!»

ወይዘሮ ዙሀራ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መሀል ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ስድስት ፎቅ ይሠራበታል ነው የሚለው። ይሄ ማፍረስ አይደለም።»

«አይደለም!»

«እንዴ፣ እንግዲያው የገብረጊዮርጊስ መሬት…»

«አሁን መናገር እችላለሁ!» ብሎ ጮኸ ሳህሌ፤ ስድስት ቀን የታፈነው ሁሉ ባንዴ ወጣ። ስለ ስልኩ፣ ስለ ቀይ መብራቱ፣ ስለ ጠበቃው፣ ስለ ዳቦው። መጻሕፍት ሊመልሱ የመጡ ሁለት ፈረንጆች ቆመው ሰሙት።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጋ ኮል አደረገ። አያነሱም፤ ከእሑድ ጀምሮ ቁጥሩን ዘግተውበታል።

«ቦታ እንቀያየር፣ እኔ ልንዳ» አለ።

«አልቀያየርም» አሉ ወይዘሮ ዙሀራ መሪውን ይዘው። «የከፈልኩበት ሰዓት ነው።»

ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ግቢው አንድ ማይል ተኩል ይሆናል። ወይዘሮ ዙሀራ መንገዱን በሰዓት ሃያ አምስት ማይል ነዱት፤ አንድም ሳይጨምሩ። ስቶፕ ሳይን በደረሱ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ቆሙ፣ ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ግራ አዩ። የተማሪዎች አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያበራ ከሩቅ ቆመው አንድ ሕፃን የተፈታ የጫማውን ክር እስኪያስር ጠበቁ። ሳህሌ በጉልበቱ ላይ እጁን ጨምቆ ተቀመጠ። ምን ይበል? ሁሉንም ያስተማራቸው እሱ ነው።

«ትንሽ ቢፈጥኑ…» አለ በመጨረሻ።

«ሕግ አከብራለሁ ብለህ ስድስት ቀን አስጨንቀኸን የለም? እንግዲህ አክብር!»

ግቢው ሲደርሱ ደላላው ወረቀቱን በመኪናው ሞተር ክዳን ላይ ዘርግቷል፤ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ እስክሪብቶ ይዘው አጎንብሰዋል። ወይዘሮ ዙሀራ ሰባት ጊዜ ሞክረው ያልተሳካላቸውን ነገር አደረጉ፤ በሁለት መኪና መካከል በአንድ ጊዜ ገብተው ፓርክ አደረጉ። ሳህሌ ግን አላየላቸውም፤ ወርዶ እየሮጠ ነበር። በስልኩ ያነሳውን የማስታወቂያውን ፎቶ ለሽማግሌው ሰጣቸው።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ስልኩን አቅርበው አነበቡ፤ አርቀው አነበቡ። ከዚያ ስልኩን ለሳህሌ መለሱለት።

«ዳቦውን የጎረስከው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው፣ ጋሼ።»

እስክሪብቶውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ደላላው ዞሩ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ። ዛሬ እጄን አሞኛል።»

ከዚያ ወዲያ ችግሩ ተገላበጠ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ግቢውን በመጀመሪያው ዋጋ ለሳህሌ ካልሸጥኩ አሉ፤ ሳህሌ አልገዛም አለ። ሁለቱም ሽማግሌ ላኩ። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም በዚያው ሳሎን ተሰበሰቡ፤ አሁን እስከዳርም ነበረች፣ የጋሽ ገብረጊዮርጊስ ባለቤት ወይዘሮ የኔነሽም ነጠላቸውን አስተካክለው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሠላሳ ዓመት ሸምግያለሁ» አሉ አቶ መልከጸዴቅ። «ሻጭ ካላረከስኩ፣ ገዢ በርካሽ አልገዛም ብለው የተጣሉ ሰዎች አጋጥመውኝ አያውቁም። ማንን ነው የምቆጣው?»

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ።

«ጋሼ» አለች እስከዳር፣ «እኔ በዚህ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም። ባሌ እዚያ ጎዳና ላይ ተከራይ ስለሆነ በስብሰባው ዕለት ይህንኑ ተናግሬ ከአዳራሹ እወጣለሁ። እርስዎ በርካሽ ቢሸጡለት ግን በእኔ ወንበር ተገዛ ይባላል።»

«እንግዲያው ኪራዩን ልተውለት።»

«አይቻልም።»

«ግማሹን?»

«አይቻልም።»

«ምሳ ልጋብዘው?»

እስከዳር አሰበች። «ምሳ… እሱን እንኳ ጠይቄ ልንገርዎ።»

«ታዲያ ይሄ ሥልጣን ምን ያደርግላችኋል?» አሉ ወይዘሮ ዙሀራ።

«የስብሰባው ወንበር ይሽከረከራል» አለች እስከዳር።

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ፤ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሳህሌም አብሮ ሳቀ። ቅር አላለውም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ግቢው ከእንግዲህ አቅሙ የሚደርስበት አልነበረም፤ ይህን ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ነው። ቢሆንም የሽማግሌው ዓይን ሲያየው ወደ ወለሉ ማቀርቀር አላስፈለገውም፤ ሳምንቱን ሙሉ የናፈቀውም ይህንኑ ነበር።

አቶ መልከጸዴቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ግቢውን ሲፈልጉ ገበያው በሚያወጣው ይሸጣሉ፤ ካልፈለጉም ይተዉታል። ሳህሌ እንደማንኛውም ሰው እየከፈለ ይከራያል።

«ነገር ግን» አሉ ጣታቸውን አንስተው፣ «እኔ ምስክር በሆንኩበት ቃል አፍርሷል። በመልካም ምክንያትም ቢሆን አፍርሷል። ካሳ አለበት። ወይዘሮ የኔነሽን መንጃ ፈቃድ እስኪያወጡ ድረስ በነፃ ያስተምራል። የምክር ቤት አባሏ ተቃውሞ አላት?»

«መስጠት ይቻላል» አለች እስከዳር። «መቀበል ነው ችግሩ።»

«ምነው!» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። «የተበደልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ለምን እኔን ትቀጣላችሁ?»

እስካሁን አንድ ቃል ያልተናገሩት ወይዘሮ የኔነሽ ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ። «ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል?»

ተያይዘው ወደ ግቢው ሄዱ። ወይዘሮ የኔነሽ መሪው ፊት ተቀመጡ፤ ሳህሌ አጠገባቸው ሆኖ ፌደራል ዌይ ስለተደገሰ አንድ ሰርግ ማውራት ጀመረ፤ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ቀስ በይ! ቀስ!» ብለው ጮኹ።

ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር።